ሞክሼ ሁሉ ቅድመ አያት አይደለም

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የተወለደው በማሳቹሴትስ ነው። በቤተሰቡ እጅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የታተመ የዘር ሐረግ መጽሐፍ አለ። መጽሐፉ እንደሚለው በአባቱ ወገን የመጀመሪያው አሜሪካዊ ቅድመ አያት ጆን የሚባል ሰው ነው። ጆን በ1635 ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ከእንግሊዝ ተሻግሮ ቦስተን አጠገብ ሰፈረ ይላል። በ1609 በእንግሊዝ ሰፎክ ክርስትና የተነሣውም እርሱ ነው፣ ቤተሰቡም የራሱ የጋሻ ምልክት ያለው የመኳንንት ወገን ነው ይላል። ልጆቼ አድገው ስለ አባታቸው ወገን መጠየቅ ጀምረዋል፤ የምነግራቸው ነገር እውነት እንዲሆን እፈልጋለሁ። የመጽሐፉን ቃል እንዴት ላረጋግጥ? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መጽሐፉ አንድ ታሪክ የሚተርክ ይመስላል እንጂ በውስጡ ሦስት የተለያዩ አባባሎች አሉ፤ እያንዳንዱም ለየብቻው መመርመር አለበት። የመጀመሪያው ባለቤትዎ ከማሳቹሴትሱ ጆን ይወለዳሉ የሚለው ነው። ሁለተኛው ጆን በ1635 ባሕር ተሻገረ የሚለው ነው። ሦስተኛው የማሳቹሴትሱ ጆንና በሰፎክ በ1609 ክርስትና የተነሣው ጆን አንድ ሰው ናቸው የሚለው ነው። በዚያ ዘመን በታተሙ መጻሕፍት ውስጥ የመጀመሪያው ዓይነት አባባል ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ ይገኛል። ሦስተኛው ግን ማስረጃው በዓይን ታይቶ እስኪረጋገጥ ድረስ ግምት ነው፤ ለልጆችዎም እስከዚያው እንደ ግምት ይንገሯቸው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ሥራውን ከእንግሊዝ አይጀምሩ። ከባለቤትዎ ይነሡና በአባት፣ በአያት፣ በቅድመ አያት እያሉ አንድ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ይሂዱ። በየደረጃው የሚፈልጉት ስም ብቻ ሳይሆን ልጁን ከወላጁ ጋር የሚያያይዝ ሰነድ ነው። ማሳቹሴትስ በዚህ ረገድ የታደለች አገር ናት፤ ቅኝ ግዛቱ ገና በ1639 ልደት፣ ጋብቻና ሞት እንዲመዘገብ ደንግጎ ነበር፣ እስከ 1850 ያሉት የብዙ ከተሞች መዝገቦችም በየከተማው ተጠናቅረው ታትመዋል። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ግን ከ1850 በፊት የአባወራውን ስም ብቻ ስለሚጽፍ ከዚያ በፊት ላለው ትውልድ ብዙም አይረዳዎትም፤ የሚረዳዎት ኑዛዜና የመሬት ውል ነው። አንድ አባት ከወንዙ ማዶ ያለውን የሣር መሬት ለልጁ ለጆሴፍ ሲናዘዝ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ ጆሴፍ የሚባል ሰው ከአባቴ የወረስኩት ነው ብሎ ያንኑ መሬት ከነድንበሩ ሲሸጥ፣ ሁለቱ ወረቀቶች ተደጋግፈው ከማንኛውም የታተመ መጽሐፍ የበለጠ ይመሰክራሉ። የዚያን ዘመን የዝምድና ቃላት ሲያነቡ ግን ይጠንቀቁ። ዛሬ «የአክስት ወይም የአጎት ልጅ» የሚባልበት የእንግሊዝኛ ቃል ያኔ ለወንድም ልጅም ያገለግል ነበር፤ ዛሬ «አማች» የሚባልበትም የእንጀራ ልጅን ሊያመለክት ይችላል።

የዚህን ሥራ ትልቁን ችግር የሚያሳይልኝ ሂንግሃም የምትባለው የማሳቹሴትስ ከተማ ናት። ከተማዋን በ1635 በዚህ ስም የሰየሟት በእንግሊዝ ኖርፎክ ካለችው ሂንግሃምና ከአካባቢዋ የፈለሱ ሰዎች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ቶማስ ሊንከን የሚባሉ አራት ሰዎች ነበሩ! አራቱም በአንድ ዘመን፣ በአንድ ጠባብ ከተማ ስለኖሩ መዝገብ ጸሐፊዎቹ ሸማኔው ቶማስ፣ በርሜል ሠሪው ቶማስ፣ ባለወፍጮው ቶማስና ገበሬው ቶማስ እያሉ በሙያቸው ይለዩዋቸው ነበር። የፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የዘር ሐረግ የሚወጣው ከሸማኔው ቶማስ ወንድም ከሳሙኤል ነው። በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ጄኔራል የነበረው ቤንጃሚን ሊንከን ደግሞ ከበርሜል ሠሪው ይወለዳል። ሙያቸውን ሳያይ ስማቸውን ብቻ የሚከተል ሰው ፕሬዚዳንቱን ከጄኔራሉ አያት ሊያስወልደው ይችላል። እርስዎም ጆን የሚል ስም ባገኙ ቁጥር ሙያውን፣ የሚስቱን ስም፣ የመሬቱን አዋሳኝ፣ ፊርማውን ወይም በፊርማ ፈንታ ያደረገውን ምልክት በአንድ ወረቀት ላይ ይመዝግቡ። ሞክሼዎች የሚለዩት በእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ነው። ትልቁና ትንሹ ተብለው የተጻፉ ሁለት ጆኖች ቢያገኙም አባትና ልጅ ናቸው ብለው አይቸኩሉ፤ በዚያ ዘመን ሁለት የማይዛመዱ ሞክሼዎችም በዕድሜ ብቻ እንዲህ ተብለው ይጠሩ ነበር።

አሁን ወደ መርከቡ ጉዳይ እንምጣ። ከ1620 እስከ 1640 ባለው ጊዜ፣ በተለይም ከ1630 ወዲህ፣ 20000 የሚሆኑ እንግሊዛውያን ማሳቹሴትስ ወዳለችበት የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ክፍል፣ ወደ ኒው ኢንግላንድ፣ ተሻግረዋል፤ የአብዛኞቹ የጉዞ መዝገብ ግን አልተረፈም። የአሜሪካ መንግሥት የተጓዦችን ስም ዝርዝር በመደበኛነት ከመርከቦች መቀበል የጀመረው በ1820 ነው። መጽሐፉ የሚጠቅሰው 1635 ግን ልዩ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ከለንደን ወደብ የወጡ ተጓዦች መዝገብ ለዘመናችን ደርሷል፤ ወደ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች የሄዱት ብቻ በውስጡ 5000 ይጠጋሉ። ስለዚህ ጆን በእርግጥ በ1635 ከለንደን ተነሥቶ ከሆነ ስሙን የማግኘት ተስፋ አለዎት። ከሌላ ወደብ ተነሥቶ ከሆነ፣ ወይም ከባለሥልጣናት ተደብቆ ከሆነ፣ በመዝገቡ ላይ አለመኖሩ አልተጓዘም ማለት አይደለም። ስሙን ቢያገኙም የተጻፈውን ዕድሜ እንደ ወረደ አይቀበሉ። ከላይ የጠቀስኩት ሳሙኤል ሊንከን በ1637 የተመዘገበው ፍራንሲስ ሎስ የተባለ የኖሪች ሸማኔ ከሚስቱ፣ ከሴት ልጁና ከሁለት አገልጋዮቹ ጋር ወደ ኒው ኢንግላንድ ለመሄድ ሲያመለክት ነው። ሳሙኤል ከአገልጋዮቹ አንዱ ነበር፤ ስሙ ሊንኮርን ተብሎ ተጽፏል፣ ዕድሜውም 18 ተብሏል። በሂንግሃም ቤተ ክርስቲያን ክርስትና የተነሣው ግን በ1622 ነው። በስምና በዕድሜ ልዩነት ብቻ ቢፈረድ ኖሮ ይህ ሰው ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም ይባል ነበር። ያስማማው በአሜሪካዋ ሂንግሃም አስቀድመው የሰፈሩ ወንድሞቹ መኖራቸው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የእንግሊዙ ምርመራ ነው። በእንግሊዝ እያንዳንዱ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግብ የታዘዘው በ1538፣ በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሹም በቶማስ ክሮምዌል ነው። ብዙ አጥቢያዎች ከዚያ ዘመን የተጻፈው መዝገብ ጠፍቶባቸዋል። ከ1598 ወዲህ ግን የመዝገቡ ግልባጭ በየዓመቱ ለጳጳሱ እንዲላክ በመታዘዙ ዋናው የጎደለበት ቦታ አንዳንዴ በግልባጩ ይሞላል። ከ1642 በኋላ በእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት መዝገቦቹ የተቋረጡባቸው አጥቢያዎች ብዙ ናቸው፤ የእርስዎ ጥያቄ ግን ከዚያ በፊት ስለሆነ ብዙም አይነካዎትም። የሰፎክ አጥቢያዎች መዝገብ በአውራጃው ቤተ መዛግብት ይገኛል፤ ብዙውም በምስል ተነሥቶ በኢንተርኔት ይታያል። በነገራችን ላይ ሰፎክ የሚባል አውራጃ በማሳቹሴትስም አለ፤ በ1643 የተቋቋመውና ቦስተንን የያዘው እርሱ ነው። የድሮ ጸሐፊ የሰፎክ ሰው ሲል የትኛውን ሰፎክ ማለቱ እንደሆነ መጣራት አለበት።

በ1609 ክርስትና የተነሣውን ጆን በመዝገቡ ላይ ሲያገኙት ደስ ይልዎታል። እባክዎ መዝገቡን እዚያው አይዝጉት፤ የቀብሩን ክፍል ይግለጡ። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ለአንድ ቤተሰብ ይህንኑ ሥራ ስሠራ የምፈልገውን ሰው ስም፣ የአባቱን ስም፣ የሚስማማውን ዓመት፣ ሁሉንም በአንድ መስመር ላይ አግኝቼ ለቤተሰቡ ደብዳቤ መጻፍ ጀምሬ ነበር። ጥቂት ቅጠል ወደ ፊት ስገልጥ በዚያው እጅ፣ በዚያው ቀለም፣ የዚያው አባት ልጅ ጆን ገና የጥቂት ሳምንት ሕፃን ሳለ መቀበሩን አነበብኩ። አንድ ሙሉ ቤተሰብ ለሁለት ትውልድ ቅድመ አያታችን ሲለው የኖረው ሰው በእናቱ እቅፍ የሞተ ሕፃን ነበር። ያን ገጽ ዛሬም አልረሳውም። ወላጆች የሞተውን ልጅ ስም ለሚቀጥለው ልጅ የሚሰጡበት ልማድ ስለነበረ ከዚያ በኋላ ሌላ ጆን ሊኖር ይችላል፤ እርሱንም ፈልጉ። የሰፎኩ ጆን ካደገ ደግሞ ከ1635 በኋላ በዚያው አጥቢያ ማግባቱን፣ ልጅ ክርስትና ማስነሣቱን ወይም መቀበሩን ይመርምሩ። በእንግሊዝ ሚስት አግብቶ የቀረ ሰው በማሳቹሴትስ ሊያርስ አይችልም።

ታዲያ የትኛው ጆን እንደሆነ የሚነግርዎ ምንድን ነው? ከጆን ይልቅ ጎረቤቶቹን ይጠይቁ። ወደ ኒው ኢንግላንድ የሄዱት አብዛኞቹ ብቻቸውን የወጡ ሳይሆኑ ከቤተሰብ፣ ከጎረቤትና ከቄሳቸው ጋር የወጡ ናቸው። ቄስ ፒተር ሆባርት የሂንግሃምን ሰዎች እየመራ መጣ። ኢዝኪኤል ሮጀርስ ከዮርክሸር ሮውሊ ምእመናኑን ይዞ በ1638 ተነሥቶ በማሳቹሴትስ ያቋቋሙትን ከተማ በዚያው ስም ጠሩት። ስለዚህ ለጆን በመጀመሪያው የመሬት ክፍፍል የደረሰውን ቦታ ይፈልጉና አዋሳኞቹን ይጻፉ። ኑዛዜውን የመሰከሩለት፣ ከሞተ በኋላ ንብረቱን የገመቱት፣ ልጆቹን ያገቡት እነማን ናቸው? ከእነዚህ መካከል የአምስት ወይም የስድስት ሰዎች ትውልድ ቦታ ከታወቀና ሁሉም በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ከሚገኙ አጥቢያዎች የመጡ ከሆኑ፣ ጆንንም እዚያው ይፈልጉት። እኔ በዚህ መንገድ የተገኘን ማስረጃ ከአንድ የጥምቀት መስመር ይልቅ አምነዋለሁ።

ሁለተኛው ምስክር በእንግሊዝ የቀሩት ዘመዶች ኑዛዜ ነው። በካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት የጸደቁ ከ1384 እስከ 1858 ያሉ ኑዛዜዎች በለንደን ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ፤ አንድ አጎት በኒው ኢንግላንድ ላለው የወንድሜ ልጅ ብሎ ጥቂት ፓውንድ ከተናዘዘ ባሕሩን የሚያሻግረው ድልድይ ተገኘ ማለት ነው። የጆርጅ ዋሽንግተን የዘር ሐረግ የተፈታውም በዚህ ነው። የፕሬዚዳንቱ ቅድመ አያት ጆን ዋሽንግተን በ1657 ገደማ ወደ ቨርጂኒያ መጣ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አይዛክ ሄርድ የተባለ የእንግሊዝ የዘር ሐረግ ሹም ይኸው ጆን ከአንድ የታወቀ የዋሽንግተን ቤተሰብ ልጆች አንዱ ነው ብሎ ጻፈ፤ ሰዉም ለብዙ አሥርት ዓመታት ተቀበለው። በ1866 የዘር ሐረግ ተመራማሪው ጆሴፍ ቼስተር፣ ሄርድ የጠቀሰው ጆን በእንግሊዝ ናይት የተባለውን የክብር ማዕረግ ያገኘ ሌላ ሰው መሆኑን አሳየ። ትክክለኛውን ሐረግ ያገኘው ሄንሪ ዋተርስ ሲሆን፣ ከቦስተን የዘር ሐረግ ማኅበር ተልኮ በእንግሊዝ የኑዛዜና የውርስ መዝገቦችን ለዓመታት ከመረመረ በኋላ በ1889 ተሻጋሪው ጆን የቄስ ሎረንስ ዋሽንግተን ልጅ መሆኑን አስታወቀ። ለአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት እንኳ የሞክሼ ስሕተት ይህን ያህል ዘመን ቆይቷል።

ስለ ሦስቱ ወንድማማቾች ልንገርዎ። ሦስት ወንድሞች አብረው ተሻገሩ የሚለው ትረካ በብዙ የአሜሪካ ቤተሰቦች ስለሚነገር፣ ሦስቱን ወንድማማች የሚያደርግ ሰነድ እስኪገኝ ድረስ የተለያዩ ሞክሼዎችን ለማገናኘት የተፈጠረ ነው ብለው ቢጠረጥሩ አይሳሳቱም። የጋሻ ምልክቱንም በሚመለከት፣ በእንግሊዝ ሕግ ምልክቱ የሚሰጠው ለአንድ ሰውና ከእርሱ በቀጥታ ለሚወለዱት ነው፤ ለአንድ የቤተሰብ ስም የተሰጠ ጋሻ የለም። ወደ ኒው ኢንግላንድ ከተሻገሩት አብዛኞቹ ገበሬዎችና የእጅ ሙያ ባለቤቶች ነበሩ፤ ይህም ለማንም የሚያሳፍር አይደለም። መጽሐፉ የታተመበትና ከዚያ ቀጥሎ ያለው ዘመን ሀብታም ቤተሰቦች የመኳንንት ዘር ለመግዛት የሚከፍሉበት ዘመን ነበር። ስዊድን የተወለደው ጉስታቭ አንጁ ለብዙ አሜሪካውያን ቤተሰቦች የሐሰት ሐረግ እየሠራ የሸጠ ሰው ነው፤ የእርሱ ፈጠራዎች እስከ ዛሬ በኢንተርኔት የቤተሰብ ሐረጎች ውስጥ እየተገለበጡ ይገኛሉ። 100 ሰው አንዱን ሐረግ ከሌላው ቢገለብጠው ምስክሩ ያው አንድ ነው።

በመጨረሻ ስለ ቀን አቆጣጠር አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ በጁልያን አቆጣጠር ይመሩ ነበር፤ ዓመቱም የሚለወጠው ማርች 25 ነበር። ስለዚህ ኖቬምበር 1650 የተጻፈ ኑዛዜና ፌብሩዋሪ 1650 የተዘጋጀ የሟች ንብረት ዝርዝር ቢያገኙ ሰውየው ከመናዘዙ በፊት ሞተ ማለት አይደለም፤ በዚያ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ ከኖቬምበር በኋላ ይመጣል። ፒዩሪታኖች የሚባሉት ጥብቅ የእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች ወራቱን በቁጥር ስለሚጽፉም 1ኛው ወር ማርች፣ 12ኛው ፌብሩዋሪ ነው። በቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የጆርጅ ዋሽንግተን ልደት ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1731/2 ተብሎ መጻፉም ከዚሁ የተነሣ ነው። ዓመቱን በራስዎ አያርሙት፤ እንደ ተጻፈ ገልብጠው እርማቱን በጎን ያስፍሩ።

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ የምኖር የታሪክ ተማሪ ነኝ። ለጓደኛዬ ቤተሰብ ሐረግ ስፈልግ በ1653 በወጣ የመሬት ሰነድ ላይ አንድ ባለርስት ወደ ቅኝ ግዛቱ አስመጥቻቸዋለሁ ካላቸው 12 ሰዎች መካከል የቅድመ አያታቸውን ስም አገኘሁ። በ1653 መጣ ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ አይጻፉ። በ1618 በተጀመረው ሥርዓት መሠረት የአንድን ሰው የመርከብ ዋጋ የከፈለ ባለገንዘብ በሰው 50 ኤከር መሬት ይገባው ነበር፤ 12 ሰው 600 ኤከር ያስገኛል። መሬቱ የሚሰጠው ለከፋዩ ስለሆነ የተሻገረው ሰው ስም እንደ ደረሰኝ ሆኖ ያገለግል ነበር። ደረሰኙ ይሸጣል፣ ይለወጣል፤ አንዳንዱም ሰው ከደረሰ ከብዙ ዓመት በኋላ ለመሬት ጥያቄ ይቀርባል፣ አንድ ስም ሁለትና ሦስት ጊዜ የቀረበበትም አለ። ስለዚህ ሰነዱ የሚነግርዎ ይህ ስም ያለው ሰው በ1653 ወይም ከዚያ በፊት ቨርጂኒያ መድረሱን ነው፤ ባለርስቱን ጭራሽ ላያውቀው ይችላል። ወደ ቨርጂኒያ ከሄዱት እንግሊዛውያን አብዛኞቹ የመርከብ ዋጋቸውን በጥቂት ዓመታት አገልግሎት የሚከፍሉ ወጣቶች ስለነበሩ የአገልግሎት ውሎችን ይመልከቱ። ከብሪስቶል ወደብ ከ1654 እስከ 1686 የሄዱ 10000 ገደማ አገልጋዮች ስም ተመዝግቦ ይገኛል፤ ሰውዎ ከ1654 በፊት የደረሰ ስለሆነ ራሱን አያገኙትም፣ ተከትሎት የመጣ ወንድም ወይም የአገሩ ሰው ግን ሊገኝ ይችላል። የወረዳው ፍርድ ቤት መዝገብ ከጠፋ ደግሞ አይገረሙ፤ አንዳንድ ወረዳዎች በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ለጥበቃ ብለው መዝገባቸውን ወደ ሪችመንድ ልከው በ1865 በከተማዋ ቃጠሎ ጠፍቶባቸዋል። በዚያን ጊዜ የአጎራባች ወረዳዎችን መዝገብና በሪችመንድ የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት ያለውን የመሬት ሰነድ ስብስብ ይያዙ።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ወረቀት ከሚገለበጥ የዘረመል ምርመራ ባደርግ አይበቃኝም?

መልስ፦ ብቻውን አይበቃዎትም። በ1630ዎቹ የተሻገረ ሰው ዛሬ ካለው ትውልድ 12 ደረጃ ያህል ይርቃል፤ በ12ኛው ደረጃ የአንድ ሰው የሐረግ ቦታዎች ቁጥር 4096 ይደርሳል። ስለዚህ ከእነዚህ አንዱ ለእርስዎ ምንም የሚታይ የዘረመል ቁራጭ ላያስተላልፍ ይችላል፤ የተለመደው ምርመራም ስለ እርሱ አይናገርም። የሚረዳው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው የዋይ ክሮሞሶም ምርመራ ነው። አንድ ሰው ብቻ ቢመረመር ግን ብዙ አይታወቅም። ከሰፋሪው ከሁለት የተለያዩ ወንዶች ልጆች በቀጥታ በወንድ መስመር የሚወርዱ ሁለት ሰዎች ይፈልጉና ሁለቱም ይመርመሩ፤ ውጤታቸው ከተስማማ የሰፋሪው መስመር ምን እንደሚመስል ይታወቃል። ከዚያ በእንግሊዝ ይገኙበታል በተባለው አጥቢያ ከሚኖር፣ ስሙን ከያዘና የወንድ መስመሩ በሰነድ ከታወቀ ሰው ጋር ያወዳድሩት። የሁለቱ ውጤት ጨርሶ ካልተገናኘ ሞክሼነቱ ብቻ ነው የቀረው፤ ወይም በመካከል በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ አለ፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ደግሞ ያው ወረቀቱ ነው።